የአባባ ብርቱካን



ወለንጪቲን አብዛኛው የግቢያችን ተማሪ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር የምትሄዱ፣ አዳማን ለቃችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ የምታልፏት፣ ባጃጅና የአህያ ጋሪ የሚጋፉባት ሞቃት ከተማ እሷ ናት። ከዚያ ነን ስንል "እዚያ ደግሞ ምን ይበቅላል?" እንባላለን። ብርቱካን ይበቅላል። ቢያንስ በእኛ ግቢ በቅሎ ነበር። የገደልነውም እኛው ነን፤ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም ስለዚያ ነው።

ሦስት ልጆች ነን። ሁለታችን እዚህ እንማራለን፣ ትንሹ ከእማዬ ጋር ቤት ነው። አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስፌት መኪናው ቀጥሎ የሚወደው ግቢውን ነው። ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዘይቱንና ጊሽጣ ነበረን። ፓፓያ ሙቀታችንን ይወዳል። አባባ በአንድ ጉድጓድ ሦስት አራት ዘር ይጥልና እስኪያብቡ ይጠብቃል፤ ወንዱ ከሴቷ የሚለየው ያኔ ነዋ። አበባው በረጅም ዘለላ የሚንጠለጠለው ወንድ ነው፤ አንዱን ብቻ ትቶ ሌላውን ይነቅለዋል። ማንጎው ደግሞ ቅጠሉ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚመስል ተባይ ከወጣበት ወዲህ እንደ ድሮው አይደለም። ተባዩ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ነው። እስከ እኛ አጥር ለመድረስ ብዙም አልፈጀበትም።

ዘይቱኑን ካነሳን አይቀር፣ መድረሳ ሳለን ሱረቱ ጢንን የተማርን ቀን ኡስታዛችንን "ዘይቱንማ እኛ ግቢ አለ!" ብለናቸው እስኪያነቡ ስቀዋል። በአማርኛ ዘይቱን የምንለውና ቁርኣን ውስጥ ያለው ዘይቱን አይገናኙም። ያኛው የእኛ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው። ለብዙ ቀን አኩርፈን ነበር።

ብርቱካኑ ግን ከሁሉም የተለየ ነበር። አባባ በ2001 ዓ.ም. ክረምት በጥቁር ፕላስቲክ የተያዘ አንድ የተዳቀለ ችግኝ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሚኒባስ ከመልካሳ አካባቢ አመጣ። መልካሳ ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመውና ፍራፍሬ ላይ ሲሠራ የኖረው የግብርና ምርምር ማዕከል ያለበት ነው። ትልቃችን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የምታስታውሰው የጉድጓዱን ጥልቀት ነው፤ ገብታበት አባባ "ነይ ውጪ፣ አንቺን አይደለም የምተክለው" ብሏታል። ከላይ የወጣውን አፈር ለብቻ፣ ከሥር የወጣውን ለብቻ ከምሮ፣ የላይኛውን ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅሎ መለሰው።

ችግኙ ግንዱ ላይ ትንሽ ጉብታ ነበረችው። ከጉብታዋ በታች ያለው ኮምጣጣ ብርቱካን ነው፤ ከጉብታዋ በላይ ጣፋጩ። ሁለቱ ተዳቅለው የተጋጠሙት እዚያ ላይ ነው። አባባ ጉብታዋን ከአፈሩ ከስንዝር በላይ ከፍ አድርጎ ተከለና "ይቺ አፈር አትንካት" አለን። እኛ የሰማነው "አትንኳት" የሚለውን ብቻ ነው።

ለምን ሁለት ዛፍ በአንድ ላይ እንደሚሆን የገባን እዚህ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ዐረቦች ወደ ሜዲትራኒያን ዳርቻ ያሻገሩት መጀመሪያ ኮምጣጣውን ነበር። ጣፋጩን በሰፊው ያዳረሱት ፖርቱጋሎች ስለነበሩ በዐረብኛ "ቡርቱቃል" ተባለ፤ የእኛም "ብርቱካን" የመጣው ከዚሁ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአዞረስ ደሴቶች የጣፋጩ ብርቱካን ግንድ ከሥሩ እየበሰበሰ እርሻ ሙሉ ያልቅ ጀመር። የሚያበሰብሰው በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር፣ በውኃ የሚጓዝ ፋይቶፍቶራ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ኮምጣጣው ብርቱካን ይህን በሽታ ይቋቋማል። ስለዚህ ገበሬዎች እግሩን ከኮምጣጣው፣ አናቱን ከጣፋጩ እያደረጉ ማዳቀል ያዙ። ጉብታዋ ከአፈር ከፍ የምትለው ለዚህ ነው፤ ጣፋጩ አፈር እንዳይነካ።

አባባ ይህን ሁሉ ማወቁን እንጃ። ሥራው ግን የሚያውቅ ሰው ሥራ ነበር። ወለንጪቲ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሳይመጣ ሲቀር በአህያ ጋሪ በጀሪካን ይገዛል። ስለዚህ ውዱእ የሚያደርገው በበሩ ጎን ባለው የሲሚንቶ ጠርዝ ላይ ሆኖ ነበር። ከጠርዙ የሚወርደው ውኃ በቀጭን ቦይ ሄዶ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ልክ ዙሪያውን በተቆፈረ ቀለበት ውስጥ ይገባል። መለኪያው የወተት ዱቄት ጣሳ ነበር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ሙድ ማለት ሁለት መዳፍ ተገጥሞ ሲሞላ የሚይዘው፣ ከሊትር የሚያንስ ነው። አባባም በጣሳው ተጠንቅቆ ይጨርሳል። ለብርቱካኑ የሚደርሰው ትንሽ ነበር፤ ግን ይበቃው ነበር። በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ፍሬዎች በላን።

አባባ በ2010 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነውን አሁን ስንጽፈው እንኳ ያሳፍረናል። ብርቱካኑ የእሱ ሰደቃ ጃሪያ ነው አልን። እውነትም ነው፤ ከፍሬው ጎረቤት ይበላል፣ ወፍም ይበላል። ይህን ካልን በኋላ ግን የሲሚንቶውን ጠርዝ ተውነው። እማዬ፣ አያታችንና እኛ ሁለታችን ግንዱ ሥር በርጩማ አስቀምጠን እዚያው ላይ ውዱእ ማድረግ ጀመርን። ቦዩ መንገድ ላይ ውኃ ይጠጣል፣ ይባክናል ብለን ነው። አራት ሰው፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ በጆግ ሙሉ። በትንሹ አንድ ሊትር ተኩል ብትሉት በቀን 30 ሊትር ግንዱ ላይ ይፈሳል ማለት ነው። እንዳይባክን እያልን እንዲህ ያለ ውኃ ገዝተን አናውቅም። ውኃው እንዳይሸሽ አፈር ወደ ግንዱ ከመርን። አያታችን የቡና አተላ ትደፋበታለች፤ ትንሹ ከበጎች ሥር የዛቀውን ትኩስ ፍግ ያለብሰዋል። ጉብታዋ የት እንደደረሰች ያየ ሰው አልነበረም። እማዬ አንዳንዴ ሶላቷን ጨርሳ ተመልሳ ግንዱን ተደግፋ ትቀመጥ ነበር። ያን ጊዜ አናናግራትም።

በ2012 ዓ.ም. ቅጠሉ ቢጫ መሆን ጀመረ። ጠማው አልንና ጨመርንለት። ቅጠሉ ሲረግፍ ደግሞ ጨመርንለት። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለውን ተረት ስንሰማ ነው ያደግነው፤ ውኃው ዛፍም ይወስዳል ብለን ግን አላሰብንም። ጎረቤት "ዓይን ነው፣ ቁርኣን ይቀራበት" አለ፤ ተቀራበት። ከግንዱ ሥር እንደ ማር የወፈረ ሙጫ ሲወጣ ግን ከጎናችን የሚኖሩትን ሽማግሌ ጠራናቸው። እኚህ አባት ከደርግ ጊዜ ጀምሮ በላይኛው አዋሽ በኑራ ኤራ የብርቱካን እርሻ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አዲስ አበባ በኢትፍሩት ሱቅ ብርቱካን ገዝተው የበሉ ወላጆች ያሏችሁ፣ እሳቸው ያጠጡትን ሳይቀምሱ አልቀሩም።

ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ተንበረከኩ። አፈሩን በእጃቸው ገለጥ፣ ገለጥ አደረጉ። ጉብታዋ የወጣችው ክንዳቸው እስከ አንጓው ከገባ በኋላ ነው። ከሷ በላይ ያለው ልጣጭ በጣታቸው ሲነኩት እንደ ረጠበ ካርቶን ተላቀቀ፤ ሽታው የኮመጠጠ ነበር። በሦስት ጎን በስብሷል። "ልጆቼ፣" አሉ፣ "ይሄ የጠማው ዛፍ አይደለም። የሰጠመ ነው።"

ለእማዬ ማን ይንገራት በሚለው ሁለታችን ተጣላን። አንዳችን "በሽታ ነው እንበላትና ይለፍ" አልን፤ ውሸትም አይደለም፣ በሽታ ነው። አንዳችን ደግሞ "ነገ ማንጎው ሥር ሄዳ ትቀመጣለች፣ ያኔስ?" አልን። ከመግሪብ በኋላ ሁሉንም ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ለዒሻ ስትነሳ ጆጉን አንስታ ወደ ሲሚንቶው ጠርዝ ሄደች፤ በርጩማውንም እዚያው ወሰደችው። ስለ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችም።

አፈሩን አራቅን፣ የበሰበሰውን ልጣጭ ፋቅን፣ ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ቆረጥነው። የመጨረሻዎቹ 11 ፍሬዎች የሎሚ ያህል ነበሩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከጉቶው ሥር ለምለም ቀንበጥ ወጣ። አያታችን እልል አለች። አባባ ራሱ የተመለሰ ያህል ነው የተደሰትነው፤ ትንሹ በጎቹ እንዳይደርሱበት በቆርቆሮ አጠረው። ሽማግሌው ግን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሾሁን አሳዩን፤ ረዣዥም ነው። ቅጠሉ ከእንጨቱ በሚገናኝበት ቦታ እንደ ትንሽ ሌላ ቅጠል የሰፋ ክንፍ አለው። የጣፋጩ ክንፍ ጠባብ ነው። የበቀለው የአባባ ብርቱካን ሳይሆን እግሩ፣ ኮምጣጣው ነበር። የሞተው ጣፋጩ ነው፤ ኮምጣጣው ያንን ሁሉ ውኃ ችሎ በሕይወት አለ።

"እንቁረጠው?" ስንላቸው ተቆጡ። "በ13 ዓመት ሥር ላይ ነው የቆማችሁት፤ ችግኝ ገዝታችሁ ብትተክሉ ይሄን ሥር መቼ ታገኙታላችሁ?" ከዚያ የማናውቀውን ነገር ነገሩን። አባባ በሕይወት ሳለ ከብርቱካኑ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጦ ሰጥቷቸው፣ እሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ባበቀሉት ኮምጣጣ ላይ አዳቅለውታል። ከአጥሩ ማዶ የምናየው ዛፍ የእኛው ነበር። ለዓመታት ፍሬውን እየሰጡን "የሽማግሌው ብርቱካን ደግሞ የእኛን ይመስላል" እንል ነበር።

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ዝናቡ ገብቶ ልጣጩ በቀላሉ ሲላቀቅ ጠሩን። ከቀንበጦቹ የእርሳስ ውፍረት ያላቸውን አራት አስቀርተው ሌላውን አስወገዱ። ከአፈሩ ከስንዝር ከፍ ብለው ልጣጩን ብቻ በምላጭ እንደ መስቀለኛ ሰንጥቀው ከፈት አደረጉት። ከራሳቸው ዛፍ ከመጣው ቅርንጫፍ አንዲት ዓይን ከቀጭን ልጣጭ ጋር ላጥ አድርገው፣ ጣታቸው ሳይነካት፣ እዚያ ውስጥ አንሸራተቱና በፕላስቲክ ክር አሰሩት። "ዓይን ነው ያሉትን በዓይን እናክመው" ብለው ሳቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲፈታ ሁለቱ ደርቀዋል፣ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባች ጠቦት በላችው። አንዱ ቀረ። ከሱ በላይ ያለውን ኮምጣጣ ቆረጡለት፤ ከሥሩ እንደገና የሚወጣውን ኮምጣጣ በየሳምንቱ መልቀም የትንሹ ሥራ ሆነ። ካልለቀመ ኮምጣጣው ይቀድመዋል፤ ሁለት ጊዜ ረስቶ አይተነዋል።

ቦዩን ድሮ ከነበረበት ስፍራ ቆፍረን አወጣነው። ቀለበቱን ለአዲሱ ዛፍ ልክ ጠበብ አድርገን ሠራን፤ በየዓመቱ ወደ ውጭ እናሰፋዋለን። ግንዱ ደረቅ ነው። ትንሹ አሁን ይሰግዳል። አንድ ቀን ጆግ ይዞ ወደ ግንዱ ሲሄድ እማዬ ከኩሽና ሆና እንዴት እንዳየችው አናውቅም፣ ድምፅዋ ግን እስከ መንገድ ተሰማ።

በ2017 ዓ.ም. የሴሚስተር እረፍት ቤት ስንገባ ዛፉ ላይ ዘጠኝ ብርቱካን ነበር። እውነቱን ለመናገር ልጣጩ ወፍራም ነው፣ ፍሬውም ገና ቆምጠጥ ይላል። ሽማግሌው የመጀመሪያ ፍሬ እንዲህ ነው ይላሉ። እማዬ ከዘጠኙ ትልቁን መርጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ ወልውላ፣ አጥሩ ጋ ይዛላቸው ሄደች። እኛም ተከተልናት።

"የገዛ ብርቱካኔን ልታቀምሺኝ ነው?" አሏት፣ ማዶ ያለውን ዛፋቸውን እያሳዩ።

"የእሱን ነው" አለች እማዬ።

ተቀበሏት። አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት። ሰኞ ስለነበር ጾመኛ ነበሩ፤ ኪሳቸው ከተቱት።