ወርቅን ለይቶ የሚያውቅ ማሽን የለም

የልጅ ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከደሴ መጥቶ መካነ ሰላም እኛ ዘንድ ከረመ። ስልኩን ከፍቶ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ፈረንጅ ዘንግ ይዞ ማሳ ለማሳ ይሄዳል፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ክብ ሳህን ሲጮህ ጎንበስ ብሎ ይቆፍራል፤ የድሮ ሳንቲም ያወጣል። ከዚያ ደግሞ የእኛው አገር ልጆች፣ አንዱ አሶሳ፣ ሌላው ሻኪሶ፣ በዚያው ዓይነት ማሽን ወርቅ ሲፈልጉ ያሳየኛል። "አባባ፣ አንቱ የፊዚክስ አስተማሪ አልነበሩም እንዴ? ለምን አንድ አናስመጣም?" አለኝ።

እንደ ልጅ ወሬ ሰምቼ ባልፈው ደስ ባለኝ። እናቱ ግን ከደሴ ደውላ፣ "አባዬ፣ ከክፍሉ ሁለት ልጆች ትምህርታቸውን ጥለው ወርቅ ቦታ ሄደዋል። የዚህም ልብ እዚያው ነው" አለችኝ። አጎቱ ደግሞ ጅዳ ሆኖ፣ ለቤት መሥሪያ ካጠራቀመው ላይ ቀንሶ ትልቁን ማሽን ሊገዛለት ቃል ገብቷል። ትልቁ ማሽን የሚሉት ሚንላብ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ያወጣው ጂፒዜድ 7000 ነው። ዋጋው በሺህ ዶላሮች የሚቆጠር ነው፤ እዚህ ቦረና አንድ ገበሬ በዕድሜው ሙሉ የሚጠምዳቸውን በሬዎች ሁሉ ይገዛል ብል ብዙም አላጋነንኩ። የተከለከለ ልጅ ተደብቆ እንደሚሄድ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አልከለከልኩትም። "እንግዛ፤ ግን አብረን እንምረጥ" አልኩት።

መጀመሪያ ያስረዳሁት ማሽኑ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ነው። በሳህኑ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። በሽቦው ውስጥ የሚመላለሰው ኤሌክትሪክ መሬት ውስጥ የሚገባ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። መስኩ ብረታ ብረት ካገኘ፣ በዚያ ነገር ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሽከረከርና የራሱን መስክ መልሶ ይልካል። ማሽኑ የሚሰማው ያንን መልስ ነው። መልሱ ኤሌክትሪክ በነገሩ ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ፣ የነገሩም መጠንና ቅርጽ ምን እንደሚመስል ይጠቁማል። ስሙን ግን አይናገርም። ብርና መዳብ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ምስማር ዝቅ ያለ። ትንሽ የወርቅ ቀለበትና የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለው ብልጭልጭ ወረቀት ግን ማሽኑ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊያሳዩ ይችላሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ወርቅን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ማሽን በዓለም ላይ የለም። "አለ" ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ዕቃውን ማየት ሳያስፈልግ ሰውየውን ማወቅ ይበቃል።

እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ ርቆ አይኖርም። አንድ ጎረቤቴ ከአንድ ነጋዴ ላይ ሁለት አንቴና ያለው ነገር ገዝቶ መጣ። "ወርቅ ባለበት አቅጣጫ ራሱ ይዞራል፤ ከመቶ ሜትር ያሸታል" ተብሎ ነው የተሸጠለት። አንቴናው እውነትም ይዞራል፤ የሚያዞረው ግን የያዘው ሰው እጅ ነው። ጎረቤቴ ሞኝ አይደለም፤ በዚህ የተታለሉት መንግሥታት ናቸው። ኤዲኢ 651 የተባለ፣ አንቴና ብቻ ያለው "ቦምብ ጠቋሚ" ለኢራቅ በብዛት ተሽጦ ነበር። ሲመረመር ውስጡ ምንም የሚሠራ ነገር አልተገኘም፤ የተቀዳው የጎልፍ ኳስ ይፈልጋል እየተባለ ከሚሸጥ ማላገጫ ነው። ሻጩ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2013 አሥር ዓመት ተፈረደበት። በእሱ ተማምነው ኬላ ላይ የቆሙት ወታደሮችስ?

ይህንን የሚያጋልጥ ቀላል ፈተና አለ፤ ለልጅ ልጆቻችሁም ጥሩ ጨዋታ ይሆናችኋል። አምስት የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ መሬት ላይ ድፉ። ሻጩ ዞር ይበል፤ ካንዱ ሥር ቀለበት ደብቁ። የደበቀውም ሰው ከአካባቢው ይራቅ፤ በዓይኑ እንዳይጠቁም። ከዚያ ማሽኑ ያግኘው። አሥር ጊዜ ደጋግሙት። በግምት ብቻ እንኳ ሁለት ጊዜ ያህል ይገኛል። እውነተኛው ማሽን ሁልጊዜ ያገኛል፤ ውሸተኛው ከሁለትና ከሦስት ብዙም አያልፍም። ጎረቤቴ ቤት ይህን ስናደርግ ምን ያህል እንዳገኘ አልናገርም። ቡና ተፈልቶ በሳቅ ተለያየን፤ ገንዘቡ ግን አልተመለሰም።

ትልቁ ማሽንስ? እሱ ውሸት አይደለም። ለወርቅ ቦታ የተሠራ ነው። ችግሩ የእኛ ቦታ የወርቅ ቦታ አለመሆኑ ነው። መካነ ሰላም የተቀመጠችበት ደጋ፣ ከሳይንት እስከ ለጋምቦ፣ በአብዛኛው ከሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ባዛልት ነው። የአገራችን ወርቅ የሚገኘው ከዚህ በጣም በሚያረጅ አለት ውስጥ ነው፤ በጉጂ፣ በቤንሻንጉል፣ በወለጋ፣ በትግራይ። "በደላንታስ?" አለኝ ልጁ። በ2000 ዓ.ም ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል እውነት ነው፤ ብዙ ሰው እንጀራ በልቶበታል፣ ገደል የወሰደውም አለ። ኦፓል ግን ብረታ ብረት አይደለም። የዓለምን ምርጥ ማሽን ኦፓል ላይ ብታስቀምጡት ዝም ይላል። ደግሞም ጂፒዜድ ምስማርን ከሌላው ለይቶ የመተው ዘዴ የለውም። ሰው በኖረበት ግቢ ምስማር፣ ሽቦና ቆርቆሮ ሲያስቆፍራችሁ ይውላል።

እኛ የፈለግነው ሌላ ነበር። ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችው የብር ኩክ ማውጫ ነበራት፤ በክር አንገቷ ላይ ታስረው የነበረ። ከብዙ ዓመት በፊት ጓሮ ስትኮተኩት ክሩ ተበጠሰና ጠፋ። ግቢው ውስጥ እንዳለ እርግጠኛ ናት፤ ያን ቀን ከግቢ አልወጣችም። ልጁን "የእማማን ኩክ ማውጫ የሚያገኝ ማሽን እንምረጥ" አልኩት። ከዚያ በኋላ ምርጫው ራሱ መንገዱን ይዞ ሄደ።

አንድ የጠፋ የብር ጌጥ ለመፈለግ ጥልቀት ብዙ አያስፈልግም። ደህና ማሽን የሳንቲም ስፋት ያለውን ነገር እስከ 20 እና 25 ሳንቲሜትር ድረስ ያገኛል፤ ትንሹን ከዚያ ባነሰ። ሻጭ ሁለት ሜትር ካለ በርሜል ማለቱ ነው። ለእኛ ከጥልቀት ይልቅ አፈሩ ያሳስበናል። የቆየ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ያለውን ማግኔት አውጡና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ወንዝ ዳር ባለ ደረቅ አሸዋ ላይ ጎትቱት። ጥቁር ብናኝ ይለብሳል። ያ ብረት ያለበት ማዕድን ነው፤ ከባዛልቱ ተፈርፍሮ የመጣ። ርካሹ የልጆች ማሽን እንዲህ ባለ መሬት ላይ ያለ ምክንያት ይጮሃል። ስለዚህ የመሬቱን ድምፅ ለይቶ ዝም የሚያሰኝ፣ እኛው የምናስተካክለው መቆጣጠሪያ ያለው መሆን አለበት አልን። በዚህ ምክንያት ብዙ ጀማሪ የሚገዛውን የአሜሪካውን ጋሬት ኤስ 400 ተውነው፤ ጥሩና ቀላል ዕቃ ነው፣ የመሬቱን ማስተካከያ ግን ለባለቤቱ አይሰጥም። በተጨማሪ አራት የባትሪ ድንጋይ ይፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ይህ ጥቅም ነው፤ ግን ገበያ ላይ የሚገኘው ድንጋይ ቶሎ ያልቃል። የቱርኩ ኖክታ ሲምፕሌክስ ማስተካከያው አለው፣ 1.3 ኪሎ ይመዝናል፣ ውኃ አይፈራም፣ እንደ ስልክ ተሰክቶ ይሞላና ወደ 12 ሰዓት ያህል ይሠራል። ዋጋው ከ300 ዶላር ብዙ አይርቅም። ይህም ቢሆን ለአስተማሪ ጡረታ ቀላል አይደለም። አጎቱ ግን ለቤቱ ያጠራቀመው ሳይነካ እንደቀረ ሲያውቅ፣ እሱ ራሱ ሳይደሰት አልቀረም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ነገርኩት፤ ከመግዛቱ በፊት ወደ አገር ለማስገባት ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ጉምሩክን እንዲጠይቅ። ከገዙ በኋላ መጠየቅ ኬላ ላይ ንብረት ጥሎ መመለስ ሊሆን ይችላል።

ማሽኑ ደርሶ ሳይከፈት ግን ልጁን አስማልኩት። ወሎ ምድር ውስጥ ያለው ሁሉ የእኛ አይደለም። በ1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲመጣ ስንቅና ማጓጓዣ የሚከፍልበት በሚሊዮን የሚቆጠር ጠገራ ብር አዘጋጅቶ ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ዛሬም ተንታ ውስጥ አምባው ላይ ተቀምጧል። እዚህ አገር ገንዘብ በማድጋ ቀብሮ የሞተ አባወራ ታሪክ የሌለው መንደር የለም። ወጣት ልብ ውስጥ ይህ ሁሉ ይጮሃል። ነገር ግን አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፈልጎ መቆፈርን ይከለክላል፤ በአጋጣሚ ያገኘ ሰውም ሳይነካካ ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለበት ይላል። ማዕድን መፈለግም የራሱ ፈቃድ አለው። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ መቃብር፣ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ የሰው ማሳ፣ ሁሉም የተከለከለ ነው። የቀረው የገዛ ግቢያችን ነው። "ይሄ ብቻ?" አለኝ። ይሄ ብቻ።

ሌላው መሐላ ከዚህ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ክልላችን ያለበትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ መሬት ውስጥ ይቀራል፤ ማሽኑም ላይ እንደ ማንኛውም ብረት ይጮሃል። እንዲያውም ደስ የሚል፣ ትልቅ፣ ጠንካራ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ትልቅ ድምፅ ሲሰማ አይቆፈርም፤ የማይታወቅ ብረት ብቅ ካለ አይነካም፣ አይወረወርም፣ ቦታው ምልክት ተደርጎበት ለፖሊስ ይነገራል። በዚህ ጊዜ ደግሞ ማዳመጫ አድርጎ፣ ዘንግ ይዞ ሜዳ ላይ የሚንከራተት ጎረምሳ ከሩቅ ለሚያየው ታጣቂ ምን እንደሚመስል አስቡት። ማሽኑ ከአጥር ውጭ የማይወጣበት ዋናው ምክንያት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አዋጁ ሳይሆን ይህ ነው።

ግቢውን በሲባጎ እንደ ገብስ ትልም ከፋፈልነው። ሳህኑ ከመሬት ሳይነሳ፣ ቀስ እየተባለ፣ አንዱ መጥረግ ከሌላው እየተደራረበ ይሄዳል። ልጅ ይህን አይወድም፤ መሮጥ ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ያወጣነው ቆርኪ፣ ምስማር፣ የማረሻ ስባሪ፣ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር። ሦስተኛው ትልም ላይ ከፍ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ልጁ ትንፋሹን ይዞ በማንኪያ ቆፈረ። ባለ 10 ሳንቲም ወጣ፤ አንዱ ገጽ ላይ ጃንሆይ፣ ሌላው ላይ አንበሳው፣ ዘመኑ በግዕዝ ቁጥር 1936። ባለቤቴ እጇ ላይ አድርጋ አገላበጠችው። "በዚህማ እንቁላል ታቅፌ እመለስ ነበር" አለች፤ ከዚያ አመሻሹን ሙሉ ስለ እናቷ፣ ስለ ቅዳሜ ገበያ፣ ሳንቲም ጥላ ስለተገረፈችበት ቀን አወራች። እኔ አርባ ዓመት አብሬያት ኖሬ ያልሰማሁት ወሬ ነበር። ልጁ ስልኩን አልነካም።

ሳንቲሙን ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወስደን አሳየን። እናቱም ደውላ "እንዴት ነው?" አለችኝ፤ "ቆርኪ እየለቀመ ነው" አልኳት። ረጅም ጊዜ ሳቀች። ወርቅ ቦታ የሄዱት ሁለቱ ልጆች እስካሁን አልተመለሱም፤ የአንዱ እናት በየሳምንቱ የሚሄደውንና የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ ትጠይቃለች ብላኛለች።

መስከረም ሲጠባ ልጁ ወደ ደሴ ተመለሰ። ማሽኑን ከአልጋዬ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ አስቀምጦታል፤ ባትሪው እንዳይሞት በየወሩ መሙላት የእኔ ሥራ ሆኗል። አሥራ አንድ ትልም ጨርሰናል፤ የቀረው ድንች የተተከለበት ነው። እሑድ እሑድ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀው ድንቹን ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ፣ "ድንቹን ስቆፍር እኔው ባገኘውስ?" አለችው። ከወዲያ ማዶ ጥቂት ዝም አለና፣ "እማማ፣ ለቅቀሽልኝ ቆፍሪ፤ አፈሩን ግን እንዳትደፊው" አላት።