ገበያና ጉርብትና በአዲስ አበባ

ገበያ ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን «ዕቃ የሚሸጥበትና የሚገዛበት ስፍራ ነው» ብለን እንመልሳለን። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ጎደሎ ነው። ሰው ከገበያ ሲመለስ በዘንቢሉ ሽንኩርትና ጎመን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ፣ በአፉም የዝናቡን፣ የእህሉን፣ የታመመውንና የተዳረውን ሰው ወሬ ይዞ ይመጣል። ዘንቢሉ በሳምንት ውስጥ ባዶ ይሆናል፤ በገበያ የተገኘ ወዳጅ ግን ዘመን ይሻገራል። እኔም በዚህ ጽሑፍ ለውድ አንባቢዎቼ ለመግለጽ የማስበው፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ታላቅ ከተማ ሰውን ከሰው በማገናኘት ረገድ ገበያ ምን ያህል እንደሚጠቅም ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች። ዋናው ገበያዋም በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ በአራዳ ይውል ነበር። ዛሬ ብልህና ዓይኑ የተገለጠ ሰው «አራዳ» ሲባል የምንሰማው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በገበያ መካከል ያደገ ሰው በቀላሉ አይታለልምና ነው። ጣልያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ ይኸውም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ተወሰደ፤ ስሙም በጣልያንኛ ገበያ ማለት በሆነው ቃል መርካቶ ተባለ። ወራሪው ተባሮ ሄደ፤ ገበያው ግን በአገሬው ሰው ድካም ሰፍቶና ደርጅቶ ቀረ። በርበሬ ተራ፣ ቅመም ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ እህል በረንዳ እየተባለ እያንዳንዱ መንደር በሚሸጠው ዕቃ ስም ይጠራል። አሮጌ ቆርቆሮና የተጣለ ብረት እንኳ በምናለሽ ተራ ገዢ አያጣም።

ይሁን እንጂ ከተማ ራሱን አይመግብም፤ የሚመግበው ገበሬው ነው። ጤፉ ከአድአ፣ ከበቾና ከምንጃር፣ ቀይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከመቂና ከባቱ፣ ወተቱና ቅቤው ከሱሉልታና ከአካባቢው ይመጣል። እኛ ተኝተን ሳለን አይሱዙዎች ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዙ አድረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ከከተማው ይገባሉ። ሽንኩርቱ ከማሳው ተነሥቶ ከእናቶቻችን ድስት እስኪደርስ ድረስ በደላላው፣ በጅምላ ነጋዴው፣ በቸርቻሪውና በጉልት ሻጯ እጅ ያልፋል፤ እያንዳንዱም ለድካሙ ጥቂት ይጨምርበታል። በዚህ የተነሣ ገበሬው «ረክሶብኝ ሸጥሁ» ሲል፣ ገዢውም «ተወድዶብኝ ገዛሁ» ይላል፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ነጋዴው ሁሉ ሌባ ነው ማለታችን አይደለም፤ የጭነት መኪና የሚያቀርብና ገንዘቡን አስቀድሞ የሚያወጣ ባይኖር ሽንኩርቱ በማሳው ላይ በበሰበሰ ነበር። የሚያሳዝነው ግን ገበሬውና በላተኛው ሳይተያዩ መኖራቸው ነው።

በአገራችን ይህን ችግር የሚያቃልል አንድ መልካም ልማድ አለ፤ እርሱም ደንበኛ መያዝ ነው። እናቴ በሾላ ገበያ ከአንዲት ከሱሉልታ ከሚመጡ ባልቴት ዘንድ ለብዙ ዓመታት ቅቤ ትገዛ ነበር። ስማቸውን አንጠራም፤ «አዴ» ብቻ እንላቸዋለን። «አዴ፣ እንደምን ከረሙ? ላሞቹስ እንደምን ናቸው?» ትላቸዋለች። እርሳቸውም «ደኅና ነን፣ ልጄ። ዘንድሮ ሣሩ ጥሩ ነው» ብለው፣ በኮባ የጠቀለሉትን ቅቤ ፈታ አድርገው ያሸትቷታል። ለጋ ሲሆን ለጋ፣ በሳል ሲሆን በሳል መሆኑን ራሳቸው ይነግሯታል። ከመዘኑ በኋላ በጣታቸው ቆንጥረው ምርቃት ይጨምሩላታል። ገንዘብ ባነሰ ጊዜም በዱቤ ይሰጧታል፤ ያለ ወረቀትና ያለ ፊርማ። በቅቤ ላይ ሙዝ፣ በበርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ይቀላቀላል እየተባለ በሚወራበት በዚህ ጊዜ፣ የደንበኛ ዋጋ በገንዘብ የሚገመት አይደለም። አዴ ባዕድ ነገር ቢቀላቅሉ የሚያጡት የአንድ ቀን ገዢ ሳይሆን የብዙ ዓመት ወዳጅ መሆኑን ያውቃሉና።

እንዲህ ያለው ወዳጅነት ግን ስፍራ ይፈልጋል። ገበያው ሲነሣ ወይም ሰፈሩ ሲፈርስ ደንበኛና ደንበኛ ይጠፋፋሉ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ አትክልት ተራ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ጃን ሜዳ ሄደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። መዛወሩ ለጤናም ሆነ ለከተማው ሥርዓት ምክንያት ነበረው። ቢሆንም ዕቃውን በመኪና ማጓጓዝ ይቻላል፤ ትውውቁን ግን የሚጭን መኪና የለም። በሰፈሮችም የሚሆነው እንዲሁ ነው።

የእኛ ቤተ ሰብ ከ4 ዓመት በፊት ከሾላ አካባቢ ተነሥቶ በከተማው ዳር ወደ ተሠራ ኮንዶሚኒየም ገባ። ቤቱ የራሳችን ነው፤ ውሃውም መጸዳጃውም በውስጡ ነው፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይመስገን። ይሁን እንጂ በቀድሞው ሰፈራችን ቡና ሲፈላ ከቤት ወደ ቤት ልጅ ይላክ ነበር፤ በዚህ ግን የብረቱ በር ተዘግቶ ይዋላል። በመጀመሪያው ዓመት ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖሩ የነበሩ አንድ አባት ዐረፉ። እኛ ከላያቸው የምንኖረው ነገሩን ያወቅነው ድንኳን ተተክሎ ባየን ጊዜ ነው። ድንኳኑንም ያመጣው የቀድሞ ሰፈራቸው ዕድር ነበር። ለቀስተኛው ከሩቅ በአውቶቡስ መጥቶ ሲያለቅስ፣ ደረጃውን ከሟቹ ጋር በየቀኑ ስንወጣና ስንወርድ የኖርነው ጎረቤቶች «ስማቸው ማን ነበር?» እያልን እርስ በርሳችን እንጠያየቅ ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ምሳሌ በእኛ ሕንፃ ተገልብጦ ነበር ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ በየክፍለ ከተማው የእሑድ ገበያ የሚባል ተቋቁሟል። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ምርታቸውን፣ ፋብሪካዎችም ዘይቱንና ሳሙናውን አምጥተው በመንገድ ዳር ለሸማቹ ይሸጣሉ። በእኛም አቅራቢያ በተጀመረ ጊዜ እናቴ ሽንኩርት ለመግዛት ስትሰለፍ፣ ከፊቷ የቆሙት ሴት ባለፈው ዓመት ባላቸውን የቀበሩት ጎረቤታችን ነበሩ። ሽንኩርቱ በጆንያ ሲገዛ ይረክሳል፤ ሙሉ ጆንያ ግን ለአንድ ቤት ብዙ ነው። እናቴ «እታለም፣ ለሁለት ብንካፈለው ምን ይመስልዎታል?» አለቻቸው። «እኔስ ደስ ይለኛል፤ ግን ማን ይሸከመዋል?» አሉ። ተሸካሚው እኔ ሆንሁ። ሽንኩርቱን በእኛ ቤት ወለል ላይ ዘርግፈን ስንካፈል ቡና ተፈላ፤ ሴትዮዋም ያን ዕለት ስለ ባላቸው ብዙ አጫወቱን። የሙያቸው ነገር፣ የአገራቸው ነገር፣ የሕመማቸው ነገር፣ በድንኳኑ ውስጥ ያልሰማነው ሁሉ በሽንኩርት ክምር ዙሪያ ተሰማ።

በሚቀጥለው ወር አራት ቤት ሆነው አንድ ኩንታል ጤፍ ገዙና 25 ኪሎ 25 ኪሎ ተካፈሉ። ለፋሲካም 12 አባወራዎች ገንዘብ አዋጥተው ከካራ በሬ ገዝተው ቅርጫ አረዱ፤ መደቡ በዕጣ ተከፈለ። ለቅርጫው ገንዘብ ያዥና ጸሓፊ ተመርጦ ስለ ነበር፣ ከበዓሉ በኋላ «እነዚሁ ሰዎች ዕድር ለምን አያቋቁሙልንም?» ተባለ፤ ተቋቋመም። ባለፈው ክረምት ከአራተኛው ፎቅ አንዲት አሮጊት እናት ባረፉ ጊዜ ድንኳኑ የራሳችን፣ ወንበሩም የራሳችን ነበር፤ ስማቸውንም የጠየቀ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያስገኘው አንድ ጆንያ ሽንኩርት ነው ብል እንደ ማጋነን አይቈጠርብኝ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ነገሩን አስቀድመው ዐውቀውታል።

ሆኖም የእሑድ ገበያ ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። እናቴ አዴን በጣም ስለ ወደደቻቸው «ቅቤዎን ይዘው ወደ እኛ ገበያ ይምጡ፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ ይገዙዎታል» ብላ ለመነቻቸው። እርሳቸውም አንድ እሑድ በሌሊት ተነሥተው መጡ። ነገር ግን የተመደበ ቦታ ስላልነበራቸው ከዳር ተቀምጠው ገና ሁለት ኪሎ ሳይሸጡ፣ አንድ ሰው መጥቶ «የየትኛው ማኅበር አባል ነዎት?» ብሎ እንዲነሡ አዘዛቸው። አዴም «ልጄ፣ እኔ ያለኝ ሦስት ላም ነው፤ ማኅበር የለኝም» ብለው ኮባቸውን ጠቅልለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። በዚያኑ ዕለት ግን ሽንኩርት ከጅምላ ገበያ ገዝቶ ያመጣ ነጋዴ በጥላ ሥር ተቀምጦ እስከ ማታ ድረስ ይሸጥ ነበር።

ሥርዓት አያስፈልግም አልልም። ሰው ሁሉ እንዳሻው መንገድ ላይ ቢዘረጋ መኪናም እግረኛም መተላለፊያ ያጣል። ዳሩ ግን የገበሬ ገበያ ተብሎ ገበሬው ከዳር የሚነሣበት ከሆነ ስሙ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በየእሑድ ገበያው ማኅበር ለሌላቸው፣ ጥቂት ቅቤ፣ ጥቂት ዕንቍላል፣ ጥቂት ጎመን ይዘው ለሚመጡ ገበሬዎች አንድ ረድፍ ቢከለልላቸው መልካም ነው። ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠለሉበት ዳስ፣ መጠጥ ውሃና መጸዳጃ፣ እንደዚሁም ገዢውና ሻጩ የሚተማመኑበት አንድ የጋራ ሚዛን ቢኖር ወጪው ብዙ አይደለም፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ገበያ ወይም ሰፈር እንዲዛወር በሚወሰንበትም ጊዜ፣ ሕንፃውና መንገዱ እንደሚታሰብ ሁሉ፣ የሚበተነው ጉርብትና ወዴት እንደሚሰበሰብ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

እኛ ተማሪዎችም የምንሠራው አለን። ብዙዎቻችን ወደ ገበያ ስንላክ ዘንቢል ይዘን መታየት ያሳፍረናል፤ ዕቃውን ከሱቅ ቶሎ ገዝተን መመለስን እንመርጣለን። የበላነውን እህል ማን እንዳመረተው ሳናውቅ ስለ አገር እድገት ድርሰት መጻፍ ግን ትክክል አይመስለኝም። በዕረፍት ቀናችን ከእናቶቻችን ጋር ወርደን ሽማግሌውን በጫናው፣ ገበሬዋን በሒሳቡ ብንረዳ፣ የሻጩን ወሬና የጎረቤታችንን ስም ብንጠይቅ፣ በክፍል ውስጥ የማናገኘውን ትምህርት እናገኛለን። ከተማችን እየሰፋች፣ ፎቁም እየበዛ ይሄዳል፤ ይህም ደግ ነው። ነገር ግን ከፎቅ በላይ ፎቅ ቢሠራ፣ ሰው ከሰው ካልተዋወቀ ሰፈር ሆነ አይባልም። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በሚመጣው እሑድ ዘንቢሉን ከእናቶቻችሁ እጅ ተቀበሉ፤ በመንገድም ከጎረቤቶቻችሁ አንዱን ጥሩ።