«ስሜ አለ፤ እኔ የለሁም»

አዳማ ውስጥ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የዓመቱን የትርፍ ክፍፍል ዝርዝር በቢሮው በር ላይ ለጠፈ። ዝርዝሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር የተዘጋጀ ነበር። ስሞቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ስም ትይዩ የቁጠባው ልክና የሚደርሰው ድርሻ ሰፍሯል። ለዓመታት ስርዝ ድልዝ የበዛበት የእጅ ጽሑፍ ሲያነቡ ለኖሩት አባላት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በርበሬና ቅመም እየሸጡ የሚተዳደሩ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች ወረደችና ስማቸውን ከነአባታቸው ስም አገኘችው። ገንዘቡ ግን የእሳቸው አይደለም። ለ11 ዓመት በየሳምንቱ ያጠራቀሙት ቁጠባ ወደ ጥቂት ሺህ ብር ወርዷል። ከሁለት ሳምንት በፊት ያቀረቡት የብድር ጥያቄ «ቁጠባዎ አይበቃም» ተብሎ የተመለሰው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባቸው። የቁጠባ ደብተራቸውን ከመቀነታቸው ፈተው ወደ ውስጥ ዘለቁ።

«ልጄ» አሉት ኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠውን ወጣት፣ «ስሜ አለ፤ እኔ ግን የለሁም።»

ወጣቱ ፕሮግራሙን በጃቫ የጻፈው ራሱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። የመለሰላቸው መልስ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት የሚሰማው ዓይነት ነበር፦ «እማማ፣ ኮምፒውተሩ አይሳሳትም። ምናልባት ደብተሩ ላይ ሲጻፍ ተሳስቶ ይሆናል።»

«ደብተሩንስ የጻፋችሁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አሉት።

ለዚህ መልስ አልነበረውም። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ አመሸ።

ስህተቱን ሲያገኘው አንድ መስመር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጃቫ ውስጥ «ትሪ ማፕ» የሚባል የመረጃ ማስቀመጫ አለ። ባለ ብዙ መሳቢያ ቁም ሳጥን ነው ማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ መሳቢያ መለያ ይለጠፍበታል፣ መሳቢያዎቹም በመለያቸው ቅደም ተከተል ራሳቸውን ይደረድራሉ። ጀማሪ ፕሮግራመር የሚወደው ለዚህ ነው፤ መደርደሩ በነፃ ይመጣለታል። ችግሩ አንድ ነው። ተመሳሳይ መለያ ያለው ሁለተኛ ወረቀት ሲመጣ የመጀመሪያው ከመሳቢያው ይወጣና አዲሱ ይተካል። ፕሮግራሙ አይጮህም፣ አያስጠነቅቅም፣ አይቆምም። ሥራው እንዲህ ነውና እንደታዘዘ ይሠራል።

ወጣቱ በመለያነት የተጠቀመው የአባሉን ስምና የአባት ስም ነበር። ማኅበሩ ውስጥ ደግሞ እኚህ እናት ሞክሼ አላቸው፤ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሌላ አባል፣ በቅርቡ የገባች ወጣት ሴት። የእሷ መዝገብ ኋላ ስለመጣ የእናትየውን ከመሳቢያው አስወጣው። እንዲህ የጠፉት እሳቸው ብቻም አልነበሩም። ከመዝገብ የተነበበውን የሰው ብዛትና በሪፖርቱ የታተመውን መስመር ቢቆጥር አልገጠመም። የብድር ክፍሉም የቁጠባውን ልክ የሚያየው ከዚያው ሪፖርት ነበር።

ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሪፖርቱ ከራሱ ጋር ፍጹም የተስማማ መሆኑ ነው። ድምሩ ልክ ነው፣ ድርሻው ልክ ነው፣ የመቶኛው ስሌት ልክ ነው። ሁሉም የተሠላው ከተረፉት ሰዎች ብቻ ስለሆነ የጎደለውን የሚያሳይ ነገር ገጹ ላይ የለም። ማኅበሩን በእጅ መዝገብ ዘመን ያገለገሉት አዛውንት ሒሳብ ሹም ይህን ሲሰሙ አልተገረሙም። «እኛ እኮ በየገጹ ግርጌ የሰዉን ብዛት እንጽፍ ነበር» አሉት። «ብሩን ከመደመር በፊት ሰዉን መቁጠር ነው።»

ጉዳዩ የአንድ ወጣት ስህተት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ የስማችንን አሠራር ማሰብ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም። በስሙ ይጠራል፣ የአባቱ ስም ይከተላል፣ ሲያስፈልግ የአያቱ ይጨመራል። ስለዚህ ሞክሼ በሽ ነው፤ በባህላችንም ዝምድና ሊሆን ምንም አይቀረው። ከውጭ የሚመጣ ሶፍትዌር ግን የቤተሰብ ስም የሚሞላበት ሳጥን ይዞ ይመጣል፣ የአባት ስም እዚያ ይገባል፣ ሪፖርቱም ሰውን በአባቱ ስም ይደረድራል። አባትና ልጅ በሁለት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይመዘገባሉ። ውጭ አገር የሚኖር ሐበሻ ሁሉ ይህን ከአየር ማረፊያና ከትምህርት ቤት ጠረጴዛ ያውቀዋል። አይስላንዶችም አብዛኞቹ እንደ እኛ በአባት ስም የሚጠሩ ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸውን የሚደረድሩት በራስ ስም ነበር፣ ሞክሼዎችን ለመለየት ደግሞ የሥራ ዓይነት ይጨምሩበት ነበር። ችግሩን አውቀው መፍትሔውን ከልማዳቸው አወጡለት።

ወጣቱ የመጀመሪያውን ስህተት ማረም አልከበደውም። ስምን መለያ ማድረጉን ተወ። መዝገቦቹን በተራ ዝርዝር ያዘና ጃቫ በስም፣ ቀጥሎ በአባት ስም፣ ቀጥሎ በአያት ስም፣ ሁሉም ቢመሳሰል በአባልነት ቁጥር እንዲደረድር አዘዘው። እግረ መንገዱን ሌላም አገኘ፦ የብር መጠን እንደ ጽሑፍ ተቀምጦ ስለነበር በቁጠባ መጠን ሲደረደር 125,000 ከ90,000 በታች ይውል ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያወዳድረው መጀመሪያ የሚያያቸውን ምልክቶች ነው፤ 1 ከ9 ያንሳል፣ አለቀ። ይህንንም አስተካከለ።

ከዚያ ግን ተቃራኒው ችግር መጣ። መጀመሪያ ሁለት ሰዎች አንድ ሆነው ነበር፤ አሁን አንድ ሰው ሁለት ሆኖ ተገኘ።

ሰው ብቻ ሳይሆን ፊደልም ሞክሼ አለው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሲገባ እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱ ቁጥር ተሰጠው፣ ቅደም ተከተሉም ከነባሩ የሀ ሁ ተራ ጋር የሚሄድ ሆነ። ጃቫ ሲደረድር የሚያየው ይህን ቁጥር ነው። ስለዚህ «ሃይሌ» ከዝርዝሩ አናት ይቀመጣል፣ «ኃይሌ» ከ«ተስፋዬ» በኋላ ወርዶ ይገኛል፤ «አለም» እና «ዓለም» መካከል ደግሞ ከበደም ወርቁም ይገባሉ። አንድ አባል የመጀመሪያ ደብተሩን በአንዱ ሆሄ፣ ሁለተኛውን በሌላው አስጽፎ ከሆነ በስም የሚፈልገው ፕሮግራም ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል። ብድር የሚፈቀደው በቁጠባ ልክ ነውና ቁጠባው ለሁለት የተከፈለበት ሰው የሚያገኘው ብድር በዚያው ልክ ያንሳል።

አዳማ ላይ ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ከተማዋ በሁለት ጽሕፈት የምትኖር ናት። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ በቁቤ ይጻፋል። በቁቤ «ጨ» የምትጻፈው በላቲኑ ሲ ፊደል ብቻ ነው፤ በእንግሊዝኛ ልማድ ግን ኤች ይጨመርባታል። «ጠ» በቁቤ በኤክስ ይጻፋል፤ በእንግሊዝኛው ልማድ በቲ። ስለዚህ ጫልቱ የምትባል አንዲት ሴት በቀበሌ መታወቂያዋ አንድ ዓይነት፣ በትምህርት ማስረጃዋ ሌላ ዓይነት፣ በቁጠባ ደብተሯ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ልትጻፍ ትችላለች። ጥላሁን የሚባል ሰው በአንዱ መዝገብ ከቲ ሥር፣ በሌላው ከዝርዝሩ መጨረሻ ከኤክስ ሥር ይገኛል። አንዱም ስህተት አይደለም። ሁሉም በየሥርዓቱ ትክክል ነው፤ ስህተት የሚሆነው ሁሉንም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ ነገር ሲጠፋ ነው።

ወጣቱ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። የማኅበሩን ቁጠባ በአባላቱ መኖሪያ ከተማ ለይቶ ሪፖርት እንዲያወጣ ሲጠየቅ ከተማዋ ራሷ ለሁለት ተከፈለችበት። አንዳንዱ መዝገብ «አዳማ» ይላል፣ አንዳንዱ «ናዝሬት»። መስመሩን ተከትሎ ወደ ሌሎቹ ሲሄድም ያው ነው፤ ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት፣ ባቱና ዝዋይ። አንዱን ስም መርጦ ሌላውን የማጥፋት ሥልጣን የፕሮግራመር አይደለም። በስሞቹ ላይ ሰዎች የተጣሉባቸው፣ የተከፉባቸው፣ የኮሩባቸው ዘመናት አሉ። እሱ ማድረግ የሚገባው ለከተማው አንድ ቁጥር ሰጥቶ ሁለቱም ስሞች ወደዚያ ቁጥር እንዲመሩ ማድረግ ነው። ያኔ ድምሩ አንድ ይሆናል፣ አባሉም ከተማውን በለመደው ስም ይጽፋል።

መፍትሔው ለሰውም ያው ነው። ስም ለመጥሪያ ነው፤ ለመለያ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የሰጠችው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ለእያንዳንዱ ሰው ባለ 12 አሃዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል። ሥርዓቱ የተገነባው ባንጋሎር ላይ በተጀመረውና ሞሲፕ በሚባለው ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ይህም ሶፍትዌር በአብዛኛው የተጻፈው በዚያው በጃቫ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። ግን ቁጥሩ በራሱ ተአምር አይሠራም። የቀድሞ መዝገቦችን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ሰው ነው፤ ያ ሰው የሆሄ ልዩነት አይቶ «ይህ ስም ከፋይዳዎ ጋር አይመሳሰልም፣ ያስተካክሉና ይምጡ» ብሎ ደንበኛን የሚያመላልስ ከሆነ ችግሩ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ወደ ደንበኛው እግር ተዛወረ ማለት ነው። ኃ እና ሀ ስለተለያዩ አንዲት እናት ከገበያ ቀርታ በባጃጅ መመላለስ የለባትም።

ዝርዝር ምን ያህል ክብደት እንዳለው አገሪቱ በቅርቡ አይታለች። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ አስታወቀ፣ ገንዘቡን ማስመለስ ጀመረ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ ደግሞ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። የእርምጃው ተገቢነት ያኔ ብዙ አከራክሯል። እዚህ ላይ የሚነሳው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ በር ላይ የሚለጠፍ ስም ሁልጊዜ ሞክሼ አለው። የትርፍ ክፍፍል ዝርዝር ከሆነ ሞክሼው ገንዘብ ያጣል፤ የተበዳሪ ወይም የተፈላጊ ዝርዝር ከሆነ ስሙን ያጣል። ስለዚህ ማንኛውም ተቋም ስም ከመለጠፉ በፊት ራሱን መጠየቅ ያለበት «ይህ ስም ማንን ብቻ ያመለክታል?» ብሎ ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ነገር ውድ አይደለም። በስም የማይመሠረት መለያ። ስምን ባለቤቱ በሚጽፍበት ሆሄና ፊደል ማስቀመጥ፤ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ሞክሼ ሆሄያትን አንድ ያደረገ ሁለተኛ ቅጂ ከጎኑ መያዝ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በእያንዳንዱ ሪፖርት ግርጌ ሁለት ቁጥሮች፦ ከመዝገብ የተነበበ ስንት፣ እዚህ የታተመ ስንት። ሁለቱ ካልገጠሙ ሪፖርቱ አይፈረምም። የሥራ አመራር ኮሚቴ አባል ጃቫ ማወቅ አይጠበቅበትም። ሁለቱን ቁጥሮች ማየት ግን ይችላል፣ ካልታተሙም «የታሉ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደብተሩ ሳይሆን ሪፖርቱ መሆን አለበት።

ማኅበሩ ዝርዝሩን ከበሩ ላይ አንስቶ አዲስ ለጠፈ። ከስሙ በፊት የአባልነት ቁጥር ተጨመረ፣ ግርጌው ላይ ሁለቱ ቁጥሮች ታተሙ፣ አዛውንቱ ሒሳብ ሹም ሁለቱን አስተያይተው ከታች ፈረሙ። የብድር ጥያቄውም እንደገና ታየ።

እኚያ እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ። ልጅቷ ስማቸውን ሁለት ቦታ አገኘችው፤ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ። ደብተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያይታ የእሳቸውን በጣቷ አሳየቻቸው። ልኩን ከሰሙ በኋላ ወደ ወጣቱ ዞረው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሞክሼዬ የየት ሰፈር ልጅ ናት? የእሷንስ ደህና አድርገህ ጻፍክላት?»