ትኋንና ይሉኝታ

ወደ ቤት ከሚገቡ ጠላቶች ሁሉ እንደ ትኋን ሰውን ዝም የሚያሰኝ የለም። ሌባ የገባበት ሰው ጮኾ ጎረቤት ይጠራል፤ እሳት የተነሣበትም እንደዚሁ። ትኋን የገባበት ቤተሰብ ግን በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ብቻውን ይታገላል። ምክንያቱ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በብዙ ነገር የመልካም አስተዳደግ ምልክት ነው፤ በዚህ ጉዳይ ግን ለጠላት ስንቅ አቀባይ ሆኖ ሲያገለግል በዓይኔ ስላየሁ፣ ለጦሩ አባላትና ለባለቤቶቻቸው ይጠቅም ዘንድ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ባለፈው ዓመት ለአጭር ትምህርት ወደ ናይሮቢ ተልኬ ነበር። ትምህርቱ የሚሰጠው ካረን በተባለው የከተማው ዳርቻ ሲሆን፣ ቅዳሜና እሑድን የማሳልፈው ሁርሊንግሃም በሚኖሩት በአጎቴ ልጅና በባለቤቷ ቤት ነበር። ሁርሊንግሃም ከከተማው መሐል በስተምዕራብ የሚገኝ፣ የአርግዊንግስ ኮዴክ ጎዳና የሚያልፍበት፣ የኬንያ መከላከያ ዋና መሥሪያ ቤት ኡሊንዚ ሃውስ በአቅራቢያው ያለበት ሠፈር ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ስለማይጠፋበትና ብዙ ወገኖቻችን በአካባቢው ስለሚኖሩ፣ በመንገዱ ላይ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም።

የአጎቴ ልጅ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ እታለም እላታለሁ። ቤቷ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። ሆኖም በዚያ ሰሞን ከልማዷ የጎደለ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ረከቦቱ ማዕዘን ላይ ተሸፍኖ ተቀምጧል፣ እንግዳም አይመጣም። «ቡና ማፍላት ተውሽ እንዴ፣ እታለም?» ብዬ ብጠይቃት፣ ወደ በሩ ዞር ብላ አይታ፣ «ሰው ሶፋው ላይ ተቀምጦ በልብሱ ይዞብኝ ቢሄድስ፣ ወንድምዬ?» አለችኝ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የስምንት ወር ሕፃን ልጇ ክንድና አንገት በተርታ በቀላ ነጠብጣብ ተሞልቷል። እናትየዋ ሌሊቱን በስልክ መብራት የልጇን አልጋ ስትፈትሽ ታድራለች፤ ቀን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም።

በባልና ሚስቱ መካከልም አለመግባባት ተነሥቶ ነበር። በናይሮቢ መንደሮች ድምፅ ማጉያ የያዙ ሻጮች «ዳዋ ያ ኩንጉኒ፣ ዳዋ ያ ሜንዴ፣ ዳዋ ያ ፓንያ» እያሉ ይዞራሉ፤ የትኋን፣ የበረሮና የአይጥ መድኃኒት ማለታቸው ነው። ባለቤቷ ከሥራ ሲመለሱ ከእነዚህ ከአንዱ በውኃ ጠርሙስ የተሞላ ነጣ ያለ ፈሳሽ ገዝተው መጡ። ጠርሙሱ መለያ ወረቀት የለውም። «ስሙን የማላውቀውን ነገር ልጄ በምትተኛበት ፍራሽ ላይ አላስረጭም» አለች። «እንግዲያስ ትኋኑ ልጅቱን እየበላት ይክረም?» አሉ እሳቸው። ከዚያም ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው ፍረድ አሉኝ።

ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ጠላት እያለ ዝም ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን በማያውቁት መሣሪያ መተኮስ ከጠላት ይልቅ ወገንን ሊጎዳ ይችላል። ወለል ላይ የሚድህ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚያስገባ ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። ጠርሙሱ እንደ ተዘጋ ሕፃን ከማይደርስበት ስፍራ ተቀመጠ፤ የፀረ-ተባይ ባለሙያም እንዲጠራ ተስማማን።

በመጀመሪያ የመጣው ሰው ስልኩ በመብራት ምሰሶ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት የተገኘ ነው። አንድ ጀሪካንና የመርጫ ፓምፕ ተሸክሞ ገባ፤ ጓንት አላደረገም። ምን እንደሚረጭና ፈቃድ እንዳለው ስንጠይቀው «ሃኩና ሺዳ» አለን፤ ችግር የለም ማለቱ ነው። እታለም ግን «በእኔ ቤት ሺዳ አለ» ብላ በትሕትና ሸኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህች አነጋገር በቤቱ ውስጥ መሳቂያ ሆነች።

ነገሩ የተፈታው ማንም ባልጠበቀው መንገድ ነው። እታለም አንሶላና ብርድ ልብስ በፈላ ውኃ እያጠበች በየቀኑ ሰገነት ላይ ስታሰጣ፣ በዚያው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ኬንያዊት እናት ቀርበው በዝቅተኛ ድምፅ «ኩንጉኒ?» ብለው ጠየቋት። አንገቷን ደፍታ አዎን አለች። ሴትዮዋ ሳቁ፤ እሳቸውም ለአራት ወራት ደብቀው መክረማቸውን ነገሯት። ከታች ያለው ቤተሰብ ሲጠየቅ በእርሱም ቤት ተገኘ። ለካስ ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ግድግዳ ተለያይተው አንዱን ጠላት እየተደባበቁ ሲቀልቡት ኖረዋል! ትኋን በግድግዳ ስንጥቅና በቱቦ ቀዳዳ ከክፍል ወደ ክፍል ስለሚሻገር፣ አንዱ ቤት ብቻውን ቢያስረጭ የተረፈው ወደ ጎረቤት ሸሽቶ ቆይቶ ይመለስ ነበር። ሦስቱ በአንድ ቀን ለማስረጨት ሲስማሙ ግን መሸሻው ተዘጋ፤ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ክፍያም ቀነሰ።

ኬንያዊቷ ጎረቤት በሚያውቁት ሰው በኩል የተጠራው ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ከእጅ ባትሪ በቀር ምንም አልያዘም። ስንት ሰው በየት እንደሚተኛ፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አስም ያለበት ሰው መኖሩን፣ የቤት ዕቃው ከየት እንደ ተገዛ ጠየቀ። ከዚያም የአልጋውን መጋጠሚያ፣ የፍራሹን ስፌትና የሶፋውን ሆድ እየገለጠ ፈተሸ። የምስር ፍሬ የሚያህሉትን ጎልማሶችና ነጫጭ ዕንቁላሎቻቸውን ያገኘው አሮጌ ተብሎ በርካሽ በተገዛው ሶፋ ውስጥ ነበር። ቅኝት ከምት ይቀድማል የሚለውን ትምህርት በዚያች ዕለት በሲቪል ልብስ አየሁት።

ፈቃዱንና የሚጠቀምበትን መድኃኒት መለያ ወረቀት ሳይጠየቅ አሳየ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ መሠረት ይህን ሥራ የሚቆጣጠር የፀረ-ተባይ ምርቶች ቁጥጥር ቦርድ አለ። በአገራችንም የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ይህንኑ ጉዳይ ይመለከታል። መለያ ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ አጠቃቀሙ፣ ቢመርዝ የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ይጻፋል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ከግርጌው ያለውን የቀለም መስመር ሊያስተውል ይችላል፤ ቀይ እጅግ መርዛማ፣ ቢጫ ከዚያ ያነሰ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ደግሞ አነስተኛ አደጋ ያለው መሆኑን ያመለክታሉ። አረንጓዴ ማለት ግን ይጠጣል ማለት አይደለም።

የተረጨው መድኃኒት የፓይሬትረም ዘመድ ነበር። ፓይሬትረም ነጭ አበባ ሲሆን፣ ከደረቀው አበባ የሚወጣው ንጥረ ነገር ነፍሳትን ይገድላል። ኬንያ ለብዙ ዓመታት የዚህ አበባ ዋነኛ የዓለም አቅራቢ ነበረች፤ ዛሬ በየሱቁ ከምንገዛቸው ፍሊቶች ብዙዎቹም የእርሱን ባሕርይ አስመስለው በፋብሪካ የተሠሩ ናቸው። ነገር ግን ትኋን መድኃኒት ይለምዳል። ዲዲቲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅማልን አጥፍቶ የተስቦን ወረርሽኝ በመግታቱ የተአምር ዱቄት ተብሎ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1947 በፐርል ሀርበር የባሕር ኃይል መኖሪያ ውስጥ ዲዲቲ የማይገድለው ትኋን ተገኘ። ስለዚህ ባለሙያው መርጨትን ብቻ አልተማመነም። ልብስና አንሶላ በ60 ዲግሪ ውኃ እንዲታጠብ፣ የታጠበው በላስቲክ ከረጢት ታስሮ እንዲቆይ፣ የአልጋው ስንጥቆች እንዲደፈኑ፣ ሶፋው ደግሞ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይወስደው ተቀዶ እንዲጣል አዘዘ። በሚረጭበት ቀን ቤተሰቡ ወጥቶ ዋለ፤ የተረጨው እስኪደርቅና መስኮት ተከፍቶ አየር እስኪለወጥ ድረስ ማንም አልገባም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ መርጨት ዕንቁላልን ሁልጊዜ እንደማይገድል፣ ዕንቁላሉም በሞቃት ክፍል ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል፣ ጫጩቶቹ አድገው ሳይወልዱ መምታት እንደሚገባ አስረዳኝ። አንድ ጊዜ ረጭቶ ገንዘቡን ተቀብሎ የሚጠፋ ሰው እንግዲህ የሠራው ግማሽ ሥራ ነው። ከወር በኋላ በእታለም ቤት ዕጣን ጨሰ፤ በቡናው ዙሪያ የተቀመጡትም የሦስቱ ቤቶች ሴቶች ነበሩ።

ይህ ሁሉ እኛን በቅርብ ይመለከተናል። ወታደር የጋራ መኝታ ያለው፣ ከጦር ሠፈር ወደ ጦር ሠፈር የሚዛወር ሰው ነው። ትኋን ክንፍ የለውም፤ በሻንጣ፣ በፍራሽና በአሮጌ ዕቃ ይጓዛል። ሲርበውም ያለ ደም ለወራት ይቆያል፤ ባዶ ቤት ማለት ንጹሕ ቤት ማለት አይደለም። በዝውውር ጊዜ ወደ አዲስ ቤት የሚገባ ቤተሰብ ዕቃውን ከመዘርጋቱ በፊት የአልጋውን መጋጠሚያና የግድግዳውን ስንጥቅ በባትሪ ቢፈትሽ፣ ከግዳጅ የተመለሰ ወታደርም ሻንጣውን አልጋ ላይ ሳያሳርፍ ልብሱን ወደ ፈላ ውኃ ቢያስገባ፣ ብዙ የእንቅልፍ ሌሊት ያተርፋል።

ለባለቤቶቻችንም ሁለት ነገር ላሳስብ። ባዶ የፀረ-ተባይ ዕቃ ቢታጠብም የዘይት ወይም የወተት ማስቀመጫ አይሆንም። እንዲሁም ለእህል ነቀዝ የሚደረገው ኪኒን የትኋንና የበረሮ መድኃኒት አይደለም፤ እርጥበት ሲነካው የሚያወጣው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ቤተሰብ ይገድላል፤ ማርከሻም የለውም። ኪኒኑም ሆነ ኪኒን የገባበት ጆንያ ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር።

ትኋን በሽታ እንደሚያስተላልፍ አልተረጋገጠም፤ ሆኖም እንቅልፍ ይነሣል፣ የሕፃን ቆዳ ያቆስላል፣ ባልና ሚስት ያጣላል፣ ቡና ያስቀራል። ንጹሕም ቆሻሻም ቤት ስለሚገባ የማንም ነውር አይደለም። በቤትሽ ያየሽ እህቴ፣ ዛሬውኑ ለጎረቤትሽ ንገሪ፤ በመኝታህ ያየህ ጓዴ፣ ለጤና ባለሙያህ አመልክት። የሚረጨውን ሰው ስትጠሩም ፈቃዱን፣ የመድኃኒቱን ስምና የሚመለስበትን ቀን ጠይቁት። ሦስቱን የማይመልስ ከሆነ በሩን አሳዩት።