ስሙ ከኖራው ሥር ነበር

ከላምበረት መናኸሪያ በላይ፣ ወደ የካ ተራራ በሚወጣው አቀበት ላይ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ከደርግ በፊት ጀምሮ የቆመ የሲሚንቶ ሐውልት ነበር። ጋቢውን ያጣፋ ሽማግሌ ነው፤ በቀኝ እጁ የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። ግማሹ ሰፈርተኛ «አርበኛ ናቸው» ይላል፤ ግማሹ «የለም፣ የባለቤቱ አባት ናቸው፣ ዳኛ ነበሩ» ይላል። ማን ቀረጸው በሚለው ላይ ግን ክርክር እንኳ አልነበረም፤ የጠየቀ የለምና። ግቢው ተሸጦ ሲፈርስ ሐውልቱ በመዶሻ ተከስክሶ ለመሠረት መሙያ ሆነ። ከሆዱ የወጣውን ብረት ቆራሌ በኪሎ መዝኖ ወሰደው።

አንጀቴን የሚያሳርረኝ መፍረሱ ብቻ አይደለም። መልሱ እጃችን ላይ ነበር። የቤቱ እመቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ከሐውልቱ አጠገብ ቡና አፍልተው ሲያጠጡን «ይሄን የሠራው ልጅ እኮ፣ የአርት ስኩል ልጅ...» ብለው ይጀምሩ ነበር። «ማን ይባላል እትዬ?» ያለ አልተገኘም። ወሬው ወደ ጤፍ ዋጋ ይዞራል፣ ሁለተኛው ይቀዳል፣ በቃ። እትዬ አረፉ፤ ስሙም አብሯቸው ተቀበረ።

እሺ፣ እሳቸው ቢያልፉ ሐውልቱ ነበረ። እንዲህ ያለ ሥራ ብረቱ እንደ አጥንት ይታሰርና ሽቦ ይጠመጠምበታል፤ ከዚያ ሲሚንቶው እየተለሰነ መልክ ይወጣለታል። ቀራጩ ብዙ ጊዜ ስሙንና ዓመተ ምሕረቱን የሚጭረው ልስኑ ሳይደርቅ፣ ከእግሩ ሥር ነው። የእኛም ሽማግሌ ግራ እግሩ አጠገብ የተጫረ ነገር ነበረው። ነገር ግን ለፋሲካ አጥሩ ኖራ ሲቀባ እሱም አብሮ ይቀባል። በዓመት በዓመቱ አንድ ልብስ እየተደረበ ፊደሉ ተደፈነ። ኖራ በጥንቃቄ ከተፋቀ ይለቃል እኮ! የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር።

እጁን አስታውሳለሁ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ሳይቀር ወጥቷል፤ ወረቀቱን የጨበጠበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ገባ ብሏል። ይህ የተማረ እጅ ነው። ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን፣ እትዬ አርት ስኩል ያሉትን፣ ያቋቋሙት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስም በሕይወት ነበሩ። አንድ ሰው ፎቶ አንስቶ ደጃቸው ቢሄድ የተማሪያቸውን እጅ ይለዩት ነበር ብዬ አምናለሁ። ፎቶም የለም። ያሉት የሠርግና የልደት ፎቶዎች ናቸው፤ ሽማግሌው ከሙሽሮቹ ኋላ በግማሽ ተቆርጦ ትከሻው ብቻ ይታያል።

የውጭ አገር ቀራጮችን ግን እናውቃቸዋለን። ለገሃር ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ የፈረንሳዊው ዦርዥ ጋርዴ ነው፤ በ1923ቱ የንግሥ በዓል ሰሞን ቆመ፣ በጣልያን ወረራ ሮም ድረስ ተጋዘ፣ ተመለሰ፣ የሠሪው ስም ግን አልጠፋም። የብሔራዊ ቴአትሩ አንበሳ የሞሪስ ካልካ ነው፣ በ1948 ለንጉሡ የብር ኢዮቤልዩ የተሠራ። የካርል ማርክስ ሐውልት የምሥራቅ ጀርመኑ ዮ ያስትራም ነው። ግሩም ሥራዎች ናቸው፤ ስማቸው መጠበቁም ተገቢ ነው። ከእነሱ የሚያንስበት ነገር ሳይኖር የላምበረቱን ልጅ ስም ያጣነው ግን እኛው ነን፣ ጎረቤቶቹ።

እዚያው የካ ተራራ ላይ ያለውን የዋሻ ሚካኤልን ፍልፍል ቤተ ክርስቲያን ማን እንደጠረበው ባናውቅ ዘመኑ ሩቅ ነው፤ የምንጠይቀው ሰው የለም። ይህኛው ግን የእኛ ዘመን ሰው ነው። ዛሬም በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ በዚያው በላምበረት ታክሲ ከጎናችን ተቀምጦም ይሆናል። ቢመጣና የወጣትነት ሥራውን ልይ ቢል የምናሳየው ያንን የተገመሰ የሠርግ ፎቶ ነው፤ ሽማግሌው ማን እንደነበሩም እኛን ሊነግረን የሚችለው እሱ ብቻ ነው።