የቀረበውን መብላት ወይስ ማለፍ?

ስለ ቼዝ ጨዋታ በዚህ መጽሔት መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ወንድም ወይም እህት እንደሚኖር እገምታለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዑለማዎች በጉዳዩ ላይ የተለያየ አቋም እንዳላቸው የታወቀ ነው፤ ከሌሎቹ መዝሀቦች ሊቃውንት ብዙዎቹ አጥብቀው ከልክለዋል። እኛ በፊልቱና በአካባቢዋ የምንከተለው የሻፊዒ መዝሀብ ግን ቁማር ካልገባበት፣ ሶላት ካላሳለፈና ምላስን ለክፉ ንግግር ካልዳረገ መክሩህ ነው ይላል እንጂ ሐራም አያደርገውም። ከታቢዒዮች መካከል ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው ይጫወቱ እንደነበር ተዘግቧል። ስለዚህ እኔ በማስተምራቸው ልጆች ዘንድ ሕጉ አጭር ነው፤ የዐስር አዛን ሲሰማ ሰሌዳው ይታጠፋል። በገንዘብ መጫወት የለም፣ በከረሜላም ቢሆን። ከዚህ ያለፈውን ለሊቃውንቱ እተዋለሁ።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ልጆቹ ቼዝ ሲጀምሩ በጣም የሚያስቸግራቸውን ነገር ነው። ይኸውም ጋምቢት የሚባለው ነው። ተጋጣሚህ ገና በሁለተኛው እርምጃ ወታደሩን አውጥቶ «ብላ» ብሎ ይሰጥሃል። ትበላለህ ወይስ ታልፈዋለህ?

የፊልቱ ልጆች ለዚህ ጥያቄ እንግዳ የሆኑት በምክንያት ነው። እዚህ አዛውንቶች በግራር ጥላ ሥር መሬቱን ጭረው የሚጫወቱት ሻሕ የሚባል ጨዋታ አለ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አሥራ ሁለት ጠጠር ይኖረዋል፤ ሃያ አራቱም ተደርድሮ እስኪያልቅ ድረስ ማንም የማንንም አይበላም። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል መኳንንቱ ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥም ስሙን ከዐረብኛው ሸጥረንጅ የወሰደ ሲሆን፣ አጀማመሩ ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጦራቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚመጣው አንዱ የሌላውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበላ ነው። እንግዲህ በሁለቱም ጨዋታዎች መጀመሪያ አሰላለፍህን ታሳምራለህ፣ ከዚያ ትበላለህ። በዐባሲዮች ዘመን በባግዳድ የነበሩት እንደ አስሱሊ ያሉ ታላላቅ ተጫዋቾችም የመጀመሪያውን አሰላለፍ ተዕቢያ ብለው ያጠኑት ነበር። ቃሉ እስከ ዛሬ በዓለም የቼዝ ተጫዋቾች አፍ ላይ አለ።

እ.ኤ.አ. በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግን በአውሮፓ ንግሥትና ቢሾፕ ረጅም መንገድ እንዲሄዱ ተደረገና ጨዋታው ፈጠነ። አንድ እርምጃ መቅደም ከአንድ ወታደር የሚበልጥበት ሁኔታ ተፈጠረ፤ ወታደር ሰጥቶ ጊዜ መግዛት የመጣውም ያኔ ነው። ጋምቢት የሚለውን ስም በቼዝ መጽሐፍ ያስገባው ስፔናዊው ሩይ ሎፔዝ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1561 ነው። ቃሉ የጣልያንኛ ነው፤ በትግል ጊዜ የባላጋራን እግር መጥለፍ ማለት ነው። በአማርኛችን ጠለፋ ሰውን ይዞ መሄድም ስለሆነ፣ ይህን ትርጉም ለልጆቹ ስነግራቸው ሁልጊዜ ይስቃሉ።

በክፍሌ ሁለት ዓይነት ልጅ አለ። አንደኛው የቀረበለትን ሁሉ ይበላል። ሁለተኛው አንድ ቀን በልቶ ስለተቀጣ ከዚያ ወዲያ ምንም አይነካም። ሁለቱም ሰሌዳውን አያዩም። የመጀመሪያው ወታደሩን ብቻ ያያል፣ ሁለተኛው ፍርሃቱን።

የንግሥት ጋምቢት የሚባለውን እንመልከት። ነጩ ከንግሥቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋል፣ ጥቁሩም እንዲሁ ያደርጋል፤ ነጩ ከአጠገቡ ያለውን ሌላ ወታደር ገፍቶ ያቀርባል። ጥቁሩ ቢበላው ምንም አይደለም፤ ታላላቆችም ይበሉታል። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ነጩ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር አንድ ቤት ሲያንቀሳቅስ፣ ጥቁሩ «ያገኘሁትን አልሰጥም» ብሎ በፈረሱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት በመግፋት ሊጠብቀው ይሞክራል። ነጩ ያንን በዳር ወታደሩ ይገፈትረዋል። ጥቁሩ በሌላ ወታደር ይደግፋል፤ ነጩ ይበላል፤ ጥቁሩ መልሶ ይበላል። በዚህ ጊዜ የነጩ ንግሥት ትወጣና በሰያፍ ወደ ማዕዘኑ ስታይ በመንገዷ ላይ አንድም የቀረ ነገር የለም፤ የጥቁሩ ግንብ ራቁቱን ነው። ግንቡን ለማዳን ጥቁሩ ፈረሱን ወይም ሌላ ትልቅ ነገር መስጠት ይኖርበታል። አንድ ወታደር አልመልስም ብሎ ፈረስ አጣ ማለት ነው። በልቶ ሲያበቃ ወታደሩን በጊዜው የሚመልስ ግን ጦሩን በሰላም አሰልፎ ይጫወታል።

ስለዚህ ልጆቹን የማስተምራቸው «ብላ» ወይም «አትብላ» በማለት አይደለም። ከመብላትህ በፊት «ይህን መመለስ ብፈልግ እችላለሁን?» ብለህ ጠይቅ እላቸዋለሁ። ቦቢ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960 በማር ዴል ፕላታ ከተማ ቦሪስ ስፓስኪ በንጉሥ ጋምቢት ያቀረበለትን ወታደር በልቶ ተሸነፈ። በማግስቱ ዓመት በጻፈው ጽሑፍ ያስተማረው ግን ወታደሩን መተው እንደሚሻል ሳይሆን፣ በሌላ መንገድ መብላት እንደሚቻል ነው። ኋላም ራሱ በነጭ ሲጫወት ያንኑ ወታደር ለሌሎች አቅርቧል። በሌላ በኩል ካፓብላንካና አሌኪን እ.ኤ.አ. በ1927 በቦነስ አይረስ ለዓለም ሻምፒዮንነት ካደረጓቸው 34 ጨዋታዎች 32ቱ ጥቁሩ የንግሥት ጋምቢትን ያልበላባቸው ናቸው። መተውም የታላላቆች መንገድ ነው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከ10ኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ አንድ ሐሙስ ከጨዋታ በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ ስላነጋገረኝ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲያልፉን የቤተሰቡ ከብት አልቋል፤ የቀሩት ጥቂት ግመሎች ናቸው። አንድ ሰው ወደ ውጭ ሊወስደው ቃል ገብቶለታል። «መዓሊም፣ አሁን ምንም አልከፍልም፤ የምከፍለው ስደርስ ነው» አለኝ።

ታህሪብ የሚባለውን የማያውቅ ቤተሰብ በእኛ አካባቢ ያለ አይመስለኝም። ልጁ ሳንቲም ሳይከፍል ይነሣል፤ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ይወሰዳል፤ ከዚያ መጋፌ የሚባለው ሰው ይይዘውና ለወላጆቹ ስልክ ይደወላል። ልጁ ሲደበደብ ድምፁን ያሰሟቸዋል። ግመል ይሸጣል፣ ቤት ይሸጣል፣ ዘመድ ይለመናል። ይህ ስንት ጊዜ በሱማሌ ቤቶች እንደደረሰ አንባቢ ሳይነገረው ያውቃል።

ለልጁ ስብከት አላበዛሁም። ሰሌዳውን እንደገና ዘረጋሁና የንግሥት ጋምቢትን እስከ ግንቡ ድረስ አብረን ተጫወትን። ከዚያ «ይህን ወታደር ጥቁሩ በየትኛው እርምጃ መመለስ ይችል ነበር?» አልኩት። በጣቱ አሳየኝ። «ያ ሰው የሰጠህንስ በየትኛው ከተማ ላይ ትመልሰዋለህ?» አልኩት። ለረጅም ጊዜ ሰሌዳውን ሲያይ ቆየ። «መተማን ካለፍኩ በኋላ የለም» አለኝ። ቼዝ ይህን ያህል ነው የሚመሳሰለው፤ በሰሌዳው ላይ የተጋጣሚህ ጦር ሁሉ በፊትህ ነው፣ እዚያ ግን ግማሹ ሰሌዳ ተሸፍኗል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቃል አለኝ። ብዙዎቻችን ልጁን «አይሆንም» ብለን እንመለሳለን። በቼዝ ግን ጋምቢትን ማለፍ ራሱ እርምጃ ነው፤ በዚያው ተራ አንድ የሚጠቅም ነገር ማንቀሳቀስ ግዴታህ ነው። ልጁን ከታህሪብ ከልክለን ከግራር ሥር ብናስቀምጠው ተራችንን ያለ ሥራ አሳለፍነው ማለት ነው። የዚህ ልጅ አባት ከጥቂቶቹ ግመሎች የሁለቱን ወተት መሸጥ በልጁ እጅ አደረጉት። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ሒሳቡን የሚይዘው ልጁ ነው።

የንጉሥ ጋምቢትን የሚያልፍ ሰውም እንዲሁ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ወታደሩን ሳይበላ ቢሾፑን ያወጣል። ነጩ «እንግዲያው እኔ ልብላ» ብሎ የመሃሉን ወታደር ቢያነሣ የጥቁሩ ንግሥት በዳር ወጥታ ቼክ ትላለች። ንጉሡ ወደፊት አንድ ቤት ቢሄድ በሚቀጥለው እርምጃ ቼክ ሜት ነው፤ በወታደር ቢከላከል ግንቡን ያጣል።

ባለፈው ሐሙስ በነጭ ሆኜ ይህንኑ ወታደር ለልጁ አቀረብኩለት። ጥቂት አሰበና ቢሾፑን አወጣ። ቀና ብሎም አላየኝም። እኔም የእርሱን ሳልነካ ፈረሴን አወጣሁ። ወታደሬ እስከ አሥራ አምስተኛው እርምጃ ድረስ ማንም ሳይበላው ቆሞ ነበር፤ ጨዋታውም በእኩል ወጣ።