የስደተኛ መረቅ

የታይዋን ደሴት ዋና ከተማ በሆነችው በታይፔ፥ ዮንግካንግ በሚባለው መንገድ አጠገብ፥ አንድ መንገደኛ ከትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ገባ። የገባውም ርኀቡን ለማስታገሥ እንጂ ነገር ለመመርመር አልነበረም።

አስተናጋጂቱ ወረቀትና እርሳስ ሰጠችው፤ በዚያ ቤት እንግዳ የፈለገውን ምግብ ራሱ በወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርግበታልና። ጥቂትም ቆይቶ በጐድጓዳ ሳሕን ትኵስ መረቅ መጣለት፤ በውስጡም ብዙ ሰዓት የተቀቀለ የበሬ ሥጋ፥ ደግሞም ኑድል የሚባለው ከስንዴ ሊጥ እንደ ክር ተስቦ የሚሠራው ምግብ ነበረ። መረቁ ከባቄላና ከበርበሬ ተብላልቶ በሚሠራ ማጣፈጫ ቀልቷል። እንግዳው ሁለቱን የመብያ እንጨቶች መያዝ ቢያቅተው፥ በአጠገቡ የተቀመጡ እንግሊዝኛ የሚያውቁ ሽማግሌ አያያዙን አሳዩት።

«አባቴ፥ ይህ የደሴታችሁ የጥንት ምግብ ነውን?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አይደለም፥ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «የቀድሞ የደሴቲቱ ገበሬዎች እርሻቸውን የሚያርስላቸውን በሬ መብላት ነውር ነው ይሉ ነበረ። ይህን ምግብ የጀመሩት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1949 ዓመት፥ በቻይና የእርስ በርስ ጦርነት ከተሸነፈው መንግሥት ጋራ ባሕር ተሻግረው የመጡ ወታደሮች ናቸው ይባላል። አባቴም ከነርሱ አንዱ ነበሩ። የሲቿን ሰው ናቸውና፥ እናታቸውን ‹ቶሎ እመለሳለሁ› ብለው ተሰናብተው ወጡ፤ ነገር ግን መንገዱ ተዘጋ። ይህም መረቅ በሲቿን ስም ይጠራ ስለ ነበረ፥ አገራቸው በናፈቀቻቸው ጊዜ ሁሉ እየመጡ ይበሉት ነበረ። በ1987 ዓመት ዘመድ መጠየቅ በተፈቀደ ጊዜ፥ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ፥ አገራቸው ገቡ። እናታቸውን ግን በመቃብር አገኙ። ከዘመዶቻቸውም ያንን መረቅ ቢለምኑ የሚያውቀው ሰው አልተገኘም።»

«ከዚያስ ወዲያ ምን አደረጉ?»

«ወደዚህ ተመለሱ። በዚህ ቤት ተቀምጠው አንድ ሳሕን አዘዙና ዝም ብለው በሉ። በጨረሱም ጊዜ፥ ‹ለካ የአገሬ ነው ያልሁት ምግብ የዚህ አገር ኖሯል› አሉ።»

እንግዳው የሚመልሰው ቃል አጣ። ሳሕኑን በሁለት እጁ አንሥቶ የቀረውን መረቅ አንጠፍጥፎ ጠጣ።

ሰው ከአገሩ ሲወጣ ይዞት የሚሄደው ጣዕም እንኳ በመንገድ ይለወጣል፤ ልጆቹ ግን የተለወጠውን ርስት አድርገው ይወርሱታል።